ፕሮቲኑ ሳይበተን የሚነሣ ራጅ

ሴፍትሪያክሶን በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙ የመርፌ መድኃኒቶች አንዱ ነው። አስታማሚ ሆኖ ሆስፒታል ያደረ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። መድኃኒቱ የፔኒሲሊን ዘመድ ሲሆን፣ ጉልበቱ ያለው አራት አቶሞች ተጨናንቀው በተያያዙበት አንድ ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ከተከፈተ መድኃኒቱ አበቃለት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ ይህንኑ ቀለበት የሚከፍት ብላ-ሲ የተባለ ኢንዛይም አለው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ለነቀርሳ የማይበጁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ኢንዛይም ነው።

በ2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዊስኮንሲን ሚልዋኪ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ማሪዩስ ሽሚትና ባልደረቦቹ ኢንዛይሙ ሴፍትሪያክሶንን ሲሰብር ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ሁለቱ በተገናኙ በ30ኛው ሚሊሰከንድ መድኃኒቱ ምንም ሳይሆን በኢንዛይሙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ግማሽ ሰከንድ ላይ ቀለበቱ ተከፍቷል፤ መድኃኒቱም ከኢንዛይሙ ጋር በኬሚካል ትስስር ተጣብቋል። ክትትሉ እስከ 2 ሰከንድ ይዘልቃል። ይህ ሁሉ የታየው አቶሞች ተለይተው ሊታዩ በሚቃረቡበት የጥራት ደረጃ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ራጅ ነው።

ስለ ራጅ ክሪስታሎግራፊ እድገት ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የማሽኑ ግዝፈትና የሥዕሉ ጥራት ነው። እኔ ይህን የሽሚትን ሥራ የማስቀድመው በሌላ ምክንያት ነው። ክሪስታሎቹ በዓይን የማይታዩ ብናኞች ነበሩ። ክሪስታል ትንሽ መሆኑ ለ70 ዓመታት ያህል የዘርፉ እርግማን ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ሙከራ ግን ሥራው የተሳካው ትንሽ ስለነበሩ ነው። ይህ እንዴት እንደተገለበጠ መረዳት ዘርፉ ዛሬ የት እንደቆመ፣ ትንበያ የሚሠራው ኮምፒውተርም ለምን ሊተካው እንዳልቻለ ያሳያል።

ፕሮቲን በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ወርዱ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ነው፤ የብርሃን ሞገድ ደግሞ ከዚያ መቶ እጥፍ ገደማ ይረዝማል። የራጅ ሞገድ ግን ከአቶም መጠን ጋር ይቀራረባል። አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚበትነው ራጅ ከቁጥር ስለማይገባ፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን አሰልፎ እንደ አንድ እንዲበትኑ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሪስታል ማለት ይህ ሰልፍ ነው። ጨረሩ ክሪስታሉን አልፎ ከጀርባ ያለ ሰሌዳ ላይ ነጠብጣቦች ይጥላል፤ ከነጠብጣቦቹ ድምቀት ተነሥቶ ወደ ኋላ በማስላት አቶሞቹ የት የት እንዳሉ ይደረስበታል።

ስሌቱ ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። ሰሌዳው የእያንዳንዱን ሞገድ ኃይል ይመዘግባል፤ ሞገዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሁን ዘግይቶ ግን አይመዘግብም። ከበሮው ምን ያህል በኃይል እንደተመታ እያወቁ ምቱ መቼ መቼ እንዳረፈ አለማወቅ ማለት ነው፤ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ዜማውን መመለስ አይቻልም። ባለሙያዎቹ የፌዝ ችግር ይሉታል። ማክስ ፔሩትዝ ካምብሪጅ ውስጥ ሂሞግሎቢንን በ1937 ማጥናት ጀምሮ መውጫውን ያገኘው በ1953 ነው። ክሪስታሉ ውስጥ ከባድ የሜርኩሪ አቶሞች አስገብቶ ነጠብጣቦቹ እንዴት እንደተለወጡ አነጻጸረ። ባልደረባው ጆን ኬንድሪው በ1958 ማዮግሎቢን የተባለውን ፕሮቲን የመጀመሪያ ሥዕል አወጣ፤ በ1962 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዶሮቲ ሆጅኪን ደግሞ በ1930ዎቹ የጀመረችው ኢንሱሊን ቅርጹን ያሳያት በ1969 ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አብዛኛው ለውጥ ይህን የአንድ ዕድሜ ልፋት ወደ ወራት፣ ቀጥሎም ወደ ሰዓታት ያወረደ ነው። ዌይን ሄንድሪክሰን ባክቴሪያዎች በሰልፈር ፋንታ ሴሌኒየም ያለበት አሚኖ አሲድ ተመግበው ፕሮቲኑን እንዲሠሩ በማድረግ የፌዙን ችግር አቀለለው። ኤሌክትሮኖችን በብርሃን ፍጥነት አካባቢ በክብ የሚያሽከረክሩት ሲንክሮትሮኖች ከሆስፒታል ራጅ ጋር የማይነጻጸር ብሩህ ጨረር ሰጡ፤ ግሬኖብል ያለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን ዙሪያው 844 ሜትር ነው። ፊልም በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ተተካ። ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠሩት ፒላተስና አይገር የሚባሉት ሰሌዳዎች እያንዳንዷን የራጅ ቅንጣት ይቆጥራሉ፤ በሰከንድም ብዙ ምስሎች ያነሣሉ። ክሪስታሉን ከማቀዝቀዣው አንሥቶ ጨረሩ ፊት የሚያስቀምጠው ሮቦት ሆነ። እነዚህ እያንዳንዳቸው ብዙ የተጻፈላቸው ናቸው፤ እዚህ አልቆይባቸውም። አንድ ነገር ግን አንዳቸውም አልፈቱትም።

ራጅ ያየውን ያቆስላል። የኦክስፎርዷ ኤልስፔት ጋርማንና ባልደረቦቿ በ2006 ለክተው እንዳሳዩት የቀዘቀዘ የፕሮቲን ክሪስታል የሚችለው ጨረር ጣሪያው 30 ሚሊዮን ግሬይ ገደማ ነው። ሰውን ለመግደል አምስት ግሬይ አካባቢ ይበቃል። ጨረሩ ኤሌክትሮኖችን ይነቅላል፤ የተነቀሉት ሌሎቹን ይነቅላሉ፤ ትስስሮች ይበጠሳሉ፤ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ነጠብጣቦቹ ከዳር ጀምሮ እየደበዘዙ ይጠፋሉ። ትልቅ ክሪስታል ጉዳቱን ለብዙ ሞለኪውሎች ስለሚያከፋፍል ሥዕሉ እስኪጠናቀቅ ይቆያል። ትንሽ ክሪስታል ግን ምርመራው ሳያልቅ ይሞታል። ሰዎች አንድ ትልቅ ክሪስታል ለማሳደግ ዓመታት የሚያጠፉት ለዚህ ነበር። ሕዋስ ሽፋን ውስጥ የተሰኩት ፕሮቲኖች ደግሞ፣ ብዙ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩባቸው ሆነው ሳለ፣ እሺ ብለው ትልቅ ክሪስታል አይሆኑም።

አንዱ መላ ማቀዝቀዝ ነበር። እስራኤላዊቷ አዳ ዮናት በ1980ዎቹ ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም ስታጠና ክሪስታሎቿ ጨረሩ ገና እንደነካቸው ይጠፉባት ነበር። እርሷና ሌሎች ጥቂት ተመራማሪዎች ክሪስታልን በድንገት ወደ 173 ዲግሪ ከዜሮ በታች አውርዶ ማንሣትን አስለመዱ፤ ዮናት በ2009 ከሁለት ሌሎች ጋር ኖቤል ተሸለመች። ዘዴው ዓለም አቀፍ ልማድ ሆነ። ዛሬም ተማሪው በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ከሚሊሜትር በታች በሆነች የናይሎን ቀለበት ክሪስታሉን ከጠብታው ያጠምድና ትንፋሹን ውጦ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይከተዋል። እጁ ከተንቀጠቀጠ የወር ሥራ ወለል ላይ ነው።

ማቀዝቀዝ ዕዳውን አራዘመው እንጂ አልሰረዘውም። ሌላ ዕዳም ጨመረ። በዚያ ቅዝቃዜ ፕሮቲን አይንቀሳቀስም፤ አካላችን ውስጥ ያለው ግን በ37 ዲግሪ ሲርገበገብ፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ የሚውል ነገር ነው። በመጻሕፍት የምናያቸው ባለ ቀለም የፕሮቲን ሥዕሎች አብዛኞቹ የበረዱ ፕሮቲኖች ናቸው። ይህን ዘርፉ ራሱ ለረጅም ጊዜ ጮክ ብሎ አላወራውም።

በ2000 ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ሪቻርድ ኖይትሴ፣ ያኖሽ ሃይዱና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በተቃራኒው ገቡበት። ጉዳቱን ለመከላከል ከመድከም፣ ጉዳቱ እስኪደርስ ለምን አንቀድመውም አሉ። አቶሞች ክብደት አላቸው፤ ኤሌክትሮኖቻቸው ተነቅለው እርስ በርስ ቢገፋፉም ከቦታቸው ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋሉ። በኮምፒውተር ባሰሉት መሠረት ራጁ ጥቂት ፌምቶሰከንዶች ብቻ የሚቆይ፣ ግን እጅግ ብርቱ ብልጭታ ከሆነ፣ ሞለኪውሉ መፈንዳቱ ባይቀርም ከመፈንዳቱ በፊት ምስሉን ጥሎ ያልፋል። ፌምቶሰከንድ ማለት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል ነው፤ ብርሃን በዚያ ጊዜ የሚጓዘው ከሚሊሜትር ሦስት ሺህኛ አይበልጥም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ብልጭታ የሚሰጥ የራጅ ማሽን በምድር ላይ አልነበረም።

በ2009 ተገኘ። ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ አጠገብ ያለው የስላክ ቤተ ሙከራ ለቅንጣት ፊዚክስ ከተሠራውና ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ማፍጠኛው የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ወስዶ የራጅ ሌዘር አደረገው፤ በሰከንድ 120 ብልጭታ። ሃምቡርግ የሚሠራው ሄንሪ ቻፕማን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆን ስፔንስና ፔትራ ፍሮሜ የመሩት ትልቅ ቡድን የመጀመሪያውን ሙከራ በፎቶሲስተም አንድ ላይ አደረገ። ይህ ዕፅዋትና አንዳንድ ባክቴሪያዎች የፀሐይን ብርሃን የሚይዙበት ግዙፍ ፕሮቲን ነው። የፍሮሜ ጓዶች ትልልቅ ክሪስታሎቹን አሳድገው ቅርጹን ለማውጣት ቀደም ሲል ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። አሁን ያቀረቡት ከሚሊሜትር አምስት ሺህኛ ጀምሮ እስከ አምስት መቶኛ የሚደርሱ ብናኞችን ነበር። ብናኞቹ በውኃ ውስጥ ሆነው እንደ ቀጭን ፍንጣቂ ጨረሩን አቋርጠው ይፈስሳሉ፤ ብልጭታው አንዷን ካገኘ አንድ ምስል ይነሣል፤ ብናኟም ወዲያው ትተናለች። ቀጣዩ ብልጭታ ሌላ ብናኝ ይጠብቃል።

በ2011 የታተመው ውጤት ቁጥሮቹ ለብቻቸው ይናገራሉ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ምስል ተነሣ፤ ለስሌት የበቃው 15 ሺህ ያህሉ ነው። ከ200 ምስል አንዱ ማለት ነው። የሥዕሉ ጥራት 8.5 አንግስትሮም (የአቶም ስፋት የሚለካበት መስፈሪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሥዕሉ ይጠራል) ስለነበር አቶም አይለይም፤ በዚያ ሚዛን የፔሩትዝ ዘመን ሰዎች ራሳቸው የተሻለ ሠርተዋል። ተቺዎች ይህን ሳይጠቅሱ አላለፉም። ያሳየው ግን ሐሳቡ እውነት መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ላይሶዛይም በተባለው ኢንዛይም 1.9 አንግስትሮም ላይ ተደረሰ፤ ብልጭታው ክሪስታሉን የሚያጠፋ ቢሆንም ሥዕሉ ላይ የረባ ጉዳት አልታየም። ሥራውም በክፍል ሙቀት ነው የተሠራው።

ለእኛ አህጉር ቀረብ ያለው ምሳሌ ቀጥሎ የመጣው ነው። እንቅልፍ በሽታን የሚያመጣው ትራይፓኖሶማ፣ ዘመዶቹ ከብቶቻችን ላይ ገንዲ የሚያመጡት ተባይ፣ ካቴፕሲን ቢ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙን ማሰናከል ተባዩን ይጎዳዋል። ሰውም የራሱ ካቴፕሲን ቢ ስላለው ግን፣ መድኃኒት ፈላጊው የተባዩን መትቶ የሰውን የሚተው ነገር ያስፈልገዋል። ለዚያ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት አቶም በአቶም ማየት ግድ ነው። ሃምቡርግ፣ ሊዩቤክና ቲዩቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ ሲያመርቱ ሕዋሶቹ በራሳቸው መርፌ መሰል ክሪስታሎች አበቀሉ። ርዝመታቸው ከሚሊሜትር መቶኛ እምብዛም አያልፍም፤ ውፍረታቸው የዚያ አሥረኛ ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ ማይክሮስኮፕ ላይ ታይቶ፣ ተደንቆ፣ ወደ ማስታወሻ ደብተር የሚገባ ነገር ነበር። እነርሱ ግን ሕዋሶቹን ሰብረው መርፌዎቹን ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዱ፤ በ2013 መጀመሪያ ላይ ቅርጹ በ2.1 አንግስትሮም ታተመ። ኢንዛይሙ ሥራ እስኪጀምር አፉን የሚሸፍንለት የራሱ ሰንሰለት ቁራጭ እንዳለ ተጣብቆ ታየ። ቁራጩ አፉን የሚዘጋበት መንገድ ከሰው ኢንዛይም በምን እንደሚለይ ለመድኃኒት ቀማሪ ፍንጭ ሰጥቷል። በራጅ ሌዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው አዲስ ባዮሎጂያዊ ቅርጽ ተብሎ ይጠቀሳል። መድኃኒቱ ግን ገና አልመጣም፤ ቅርጽ ማወቅና መድኃኒት ማግኘት መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ገንዘብ የሚያወጣበትም ጥቂት ነው።

ወደ ሴፍትሪያክሶኑ ልመለስ። መድኃኒት ወደ ትልቅ ክሪስታል መሐል ዘልቆ እስኪገባ ብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ይፈጅበታል። እስከዚያ ዳር ያሉት ሞለኪውሎች ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ መሐል ያሉት አልጀመሩም፤ ሥዕሉ ድብልቅልቅ ነው። ጥቂት ማይክሮሜትር በሆነ ብናኝ ውስጥ ግን መድኃኒቱ በሚሊሰከንዶች ይዳረሳል፤ ሞለኪውሎቹም አብረው ይነሣሉ። የሽሚት ቡድን ብናኞቹንና መድኃኒቱን የሚቀላቅለው በመርጫው ቱቦ ውስጥ፣ ጨረሩ ጋ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የቱቦውን ርዝመትና የፍሰቱን ፍጥነት በማስተካከል 30 ሚሊሰከንድ ወይም ግማሽ ሰከንድ ይመርጣሉ። የመጨረሻው ሥዕል በሺህ ከሚቆጠሩ ብናኞች የተጠራቀመ ነው፤ ሁሉም እኩል ዕድሜ ላይ የተያዙ ናቸው። በብርሃን የሚነሣሡ ፕሮቲኖች ላይ ደግሞ ቅንጅቱ ወደ ፌምቶሰከንድ ይወርዳል፦ አንድ የሌዘር ብርሃን ያስነሣል፤ ራጁ ተከትሎ ያነሣል።

እዚህ ላይ የተሸጠልንን ሁሉ መግዛት የለብንም። የ2000ው ሕልም ክሪስታል ጭራሹኑ ሳይኖር አንዲት ፕሮቲን ብቻዋን በራጅ ብልጭታ አቶም በአቶም ማንሣት ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም አልተሳካም። በዚህ መሐል ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ፣ የቀዘቀዘ ናሙናን በኤሌክትሮን ጨረር የሚያየው ዘዴ፣ ያለ ክሪስታል ትልልቅ ፕሮቲኖችን ማሳየት ቻለና በ2017 ኖቤሉን ወሰደ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ አዲስ ትልቅ የሽፋን ፕሮቲን ቢያገኝ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ጠንካራ ራጅ የሚሰጡ ሌዘሮች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ስዊዘርላንድና ጀርመን። የጀርመኑ በ2017 ሲከፈት 3.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በሰከንድ 27 ሺህ ብልጭታ የመስጠት ንድፍና ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጪ ይዞ ነው። በ2023 የተሻሻለው የስታንፎርዱ ማሽን እስከ ሚሊዮን ብልጭታ በሰከንድ ታስቦለታል፤ ያን ያህል ምስል የሚይዝ ሰሌዳና የሚያጣራ ኮምፒውተር ማግኘት ራሱን የቻለ ማነቆ ሆኗል። የፕሮቲን ብክነቱም አለ። ፍንጣቂው በሁለት ብልጭታ መሐል የሚያፈሰው ብናኝ ምንም ምስል ሳይሰጥ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። በወር ልፋት የተጣራ ፕሮቲን በአንድ ሌሊት ሲፈስ ማየት ለሠሪው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ባለፉት ዓመታት የታየው ብልህ እርምጃ፣ በእኔ ግምት፣ ከሌዘሩ የተማሩትን ወደ ሲንክሮትሮን መመለሱ ነው። ብናኞችን እንደ ጥርስ ሳሙና በሚወፍር ቅባት ውስጥ አድርጎ በዝግታ ማውጣት፣ ወይም በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ባሉት የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ደርድሮ በተራ መምታት። ግሬኖብል በ2020 ታድሶ ጨረሩን እጅግ ካጠበበ በኋላ ለዚህ የተለየ መስመር አለው። ሚሊሰከንድ ለሚበቃው ጥያቄ፣ ብዙ ኢንዛይም ደግሞ የሚሠራው በሚሊሰከንድ ነው፣ ቢሊዮን ዩሮ ማውጣት አያስፈልግም።

ከዚያ አልፋፎልድ መጣ። በ2020 መጨረሻ የፕሮቲን ቅርጽን ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ ብቻ የሚተነብየው ይህ ፕሮግራም በውድድር ሁሉንም ጥሎ አለፈ፤ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያዎች በነፃ ተለቀቁ፤ በ2024 የሥራው መሪዎች ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ራጅ ክሪስታሎግራፊ ሞተ የሚል ወሬም ተናፈሰ። ፕሮግራሙ የተማረው ግን በ1971 በሰባት ቅርጾች ከተጀመረውና በ2023 ከ200 ሺህ ካለፈው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ነው፤ ከቅርጾቹ አብዛኞቹን ያመጣው ደግሞ ራጅ ነው። በዚያው ውድድር ሰሞን ጀርመን ቲዩቢንገን ያለው የአንድሬ ሉፓስ ቡድን አሥር ዓመት ያስቸገረውን ፕሮቲን በትንበያው ረድኤት ፈታ። ነጠብጣቦቹ በእጃቸው ነበሩ፤ የጎደላቸው ፌዙ ነበር። ትንበያውን እንደ መነሻ ቅርጽ አስገብተው የቀረውን ከራሳቸው መረጃ አስተካከሉ። ፔሩትዝ ለ16 ዓመት የታገለው ችግር ዛሬ ለብዙ ፕሮቲኖች የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሞተ የተባለው ዘርፍ በትንበያው ከማንም በላይ የተጠቀመ ነው ብል አላጋነንኩም።

ትንበያው ደካማ የሆነበት ቦታ ራጁ የሚያስፈልግበት ቦታ ነው። ቶም ቴርዊሊገርና ባልደረቦቹ ትንበያዎችን ከራጅ መረጃ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩ፣ ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነኝ ባለባቸው ክፍሎች እንኳ አንዳንዴ ከመረጃው ጋር አይገጥምም፤ ጥሩ መላምት እንጂ የመለኪያ ምትክ አይደለም ብለው ደምድመዋል። አዲስ የተቀመመ መድኃኒት ጉድጓዱ ውስጥ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ሲገባ ፕሮቲኑን የት እንደሚገፋው መተንበይ ከ2024 ወዲህ ተሻሽሏል፤ ሚሊዮኖችን የሚያወጣ ኩባንያ ግን አሁንም አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታሉን ሳያይ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አይሻገርም።

ኮቪድ ይህን በግልጽ አሳየ። የሻንግሃይ ተመራማሪዎች ራኦ ዚሄና ያንግ ሃይታኦ የቫይረሱን ዋና ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ቅርጽ በየካቲት 2020 መጀመሪያ ላይ ለዓለም ለቀቁ፤ የቫይረሱ ዘረመል ከታወቀ ወር እንኳ አልሞላም። ቀጥሎ እንግሊዝ ያለው ዳይመንድ ሲንክሮትሮን ከ1,250 በላይ ጥቃቅን ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ በክሪስታል ላይ ሞከረ። ሞለኪውሎቹን ወደ ጠብታው የሚወረውረው የድምፅ ሞገድ ነው፤ ክሪስታሉን ከጠብታው የሚያነሣው ግን አሁንም የሰው እጅ ነው። በኢንዛይሙ የሥራ ጉድጓድ ውስጥ 71 ያህል ተጣብቀው ተገኙ። ሃምቡርግ ደግሞ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መድኃኒቶችንና መድኃኒት ሊሆኑ የሚችሉ ውሕዶችን ፈትሾ 37 አገኘ፤ አንዳንዶቹ ከሥራ ጉድጓዱ ውጪ ነበር የተጣበቁት። በ1970ዎቹ አንድ ቅርጽ የዶክትሬት ዲግሪ ያስገኝ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሺህ ክሪስታል ይነሣል። ጥያቄውም ፕሮቲኑ ምን ይመስላል ከሚለው ወጥቶ፣ ምን ይጣበቅበታል፣ ሲጣበቅበትስ ምን ይሆናል ወደሚለው ሄዷል።

አፍሪካ ውስጥ አንድም ሲንክሮትሮን የለም። ለኢትዮጵያ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ዮርዳኖስ አላን ከተማ በ2017 የተከፈተው ሰሰሚ ነው፤ ከአህጉራችን አባሉ ግብፅ ብቻ ናት። ፓን አፍሪካዊ ሲንክሮትሮን ይሠራ የሚለው ዘመቻ ከ2015 ወዲህ አለ፤ ደጋፊ ነኝ፤ ግን እስኪሠራ መጠበቅ ግዴታ አይመስለኝም። የታይላንድን ምሳሌ ማየት ይበቃል። ፋንሲዳርን የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም፤ በኢትዮጵያ ከ1998 እስከ 2004 የወባ የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ነበር፤ ወባው ስለተላመደው በኮአርተም ተተካ። ከፋንሲዳር ሁለት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒሪሜታሚን፣ የሚመታውን የወባ ኢንዛይም ቅርጽ በ2003 ያወጡት የዮንግዩት ዩታቮንግ የባንኮክ ቡድን ናቸው። የተላመደው ወባ በ108ኛው ቦታ ላይ ያለውን አሚኖ አሲድ በሚበልጠው ለውጦ፣ መድኃኒቱ ሲገባ እንዲጋጭ ማድረጉ ታየ። ያንን ግጭት የሚሸሽ ተጣጣፊ ሞለኪውል ነደፉ፤ ፒ218 ይባላል፤ በሰው ላይ እስከመሞከር ደርሷል። ወባው የእነርሱ፣ ፕሮቲኑም የእነርሱ፣ ጥያቄውም የእነርሱ ነበር።

ዛሬ ትልልቆቹ ሲንክሮትሮኖች ጨረር የሚሰጡት በማመልከቻ፣ በጥያቄው ጥራት ተወዳድሮ ነው፤ ውጤቱን ለሚያሳትም ተመራማሪ የጨረሩ ጊዜ በአብዛኛው በነፃ ነው። ክሪስታሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በአውሮፕላን ይላካል፤ ተመራማሪው ከአገሩ ሆኖ በኮምፒውተር ሮቦቱን ያዝዛል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ እዚህ ብርቅ አይደለም፤ አዳቃይ ቴክኒሻኖች የኮርማ ዘር ይዘውበት ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። አርማወር ሐንሰንን በመሰሉ ተቋሞች ነቀርሳን አሥርት ዓመታት ያጠኑ ሰዎች አሉ። እዚህ መሠራት ያለበት የሥራው የፊት ግማሽ ነው፦ ፕሮቲኑን በባክቴሪያ ማስመረት፣ ማጣራት፣ ክሪስታል ማሳደግ።

ይህ ግማሽ ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። የማጣሪያ ሙጫዎቹ በዶላር ነው የሚገዙት፤ ጉምሩክ ላይ ሲቆዩ የሚበላሹም አሉ። የተጣራ ፕሮቲን ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሰዓታት በላይ የማይታመን ብዙ አለ። የክሪስታል ጠብታዎቹ ያሉበት ክፍል ደግሞ ለሳምንታት በአንድ ሙቀት መቆየት አለበት፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ወጣ ገባ ካለ ማደግ የጀመረው ይሟሟል፤ ያልጀመረውም ሳይጀምር ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ለማቋቋም በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ከማይክሮስኮፑም ከማጣሪያው ማሽንም በፊት ጄኔሬተሩንና የጄኔሬተሩን ነዳጅ ቢጽፍ ነው የሚሻለው።